ዋጋ በሰው ልክ አይሰፋም

«የቀሚስ ፎቶ ለጥፌ ዋጋውን ስጽፍ አንድም ሰው አስተያየት አይሰጥም። ‹ዋጋ በውስጥ መስመር› ያልኩ ቀን ግን ‹ስንት ነው?› የሚለው ጥያቄ ይዥጎደጎዳል። ያሠለጠነን ሰውም ዋጋ አትጻፉ ነው ያለን። እናንተ ለምንድን ነው የምትጽፉት?» ይህን የጠየቀችኝ የእናቷን የጥልፍ ሥራ በቴሌግራምና በቲክቶክ መሸጥ የጀመረች ልጅ ናት። ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ቆመን ስለነበር በአጭሩ መለስኩላት። ነገሩ ግን በአጭር የሚያልቅ አይደለም። የቤተሰባችንን የሽመና ሥራ በስልክ መሸጥ ከጀመርን ወዲህ ከፎቶ ጥራትም፣ ከቪዲዮ ሙዚቃም፣ ከሚለጠፍበት ሰዓትም በላይ የምሟገትለት ነገር ይህ ነው፦ ዋጋ መጻፍ አለበት።

አሠልጣኙ ዋሽቷል አልልም። አስተያየት የበዛበት ቪዲዮ ለብዙ ሰው እንደሚታይ በሥራው ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ዋጋ ሲደበቅ ጥያቄ ይበዛል፤ ጥያቄ ሲበዛ ቪዲዮው ይሮጣል። ግን ያ ሁሉ ጠያቂ ምን እያደረገ ነው? ደጅ እየጠና ነው። «ስንት ነው?» ብሎ ጽፎ ይጠብቃል፤ ቆይቶ «ኢንቦክስ ግቡ» ይባላል፤ ሲገባ «የቱን ፈልገው ነው?» ተብሎ ፎቶውን መልሶ ይልካል፤ እንደገና ይጠብቃል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር፣ በዓል ሲቃረብ አንድ ቀን ማለት ለሸማኔው ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ምልልስ የሚባክነው ጊዜ ድር ማድራት የሚጀመርበት ጊዜ ነበር።

ዋጋ የሚደበቅበትን ትክክለኛ ምክንያት ግን አሠልጣኞች አይናገሩትም፤ እኛ ሻጮቹ ግን እናውቀዋለን። ሰውዬው ውስጥ መስመር ሲገባ ሻጩ መጀመሪያ የሚያየው ጥያቄውን ሳይሆን ጠያቂውን ነው። የስልክ ቁጥሩ በ1 ከጀመረ አሜሪካ ወይም ካናዳ ነው፤ በ972 ከጀመረ እስራኤል፤ በ971 ከጀመረ ኤምሬትስ። የመገለጫው ፎቶ ላይ መኪና አለ ወይ? ሠርግ ላይ የተነሳው ነው ወይ? ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ዋጋ ይነገራል። ለአንዱ ቀሚስ ሦስት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀሚስ በሰው ልክ ይሰፋል፤ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ተለክቶ። ዋጋ ግን በሰው ልክ አይሰፋም። ጨርቁ ያው ጨርቅ፣ ጥለቱም ያው ጥለት ነው።

ውጭ አገር ያለ ሰው ሁሉ ሀብታም ነው የሚለው ግምት በተለይ ያበሳጨኛል። ከደንበኞቻችን መካከል በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ለራሳቸው ሳይሆን አገር ቤት ላለች እናታቸው ለፋሲካ ቀሚስና ነጠላ ያዛሉ፤ ለአባታቸው ጋቢ ይጨምራሉ። አንዷ ስልኳን የምታየው የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እሷ ስትጽፍ እኛ ተኝተናል፤ እኛ ስንመልስ እሷ ሥራ ላይ ናት። ዋጋው ተጽፎ ካገኘችው ግን በዚያች ባላት ሰዓት ከደመወዟ ጋር አስልታ ትወስናለች፤ ጠዋት ስንነሳ ትእዛዟና የእናቷ ልክ ተጽፎ ይጠብቀናል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምንለው ለዚህች ሴት ነው። ከእሷ እንቅልፍ ላይ ወስደን የምናበዛው የአስተያየት ቁጥር አይባረክም።

«የክር ዋጋ በየጊዜው እየተለወጠ እንዴት ነው የሚጻፈው?» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞቼ እውነት አላቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁላችንም ደንግጠናል፤ ከውጭ የሚገባው ክር ትናንት በተገዛበት ዋጋ አልተገኘም። እኛ ቤት መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ከዋጋው ጎን ቀን መጻፍ። «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ይጸናል» ማለት። ቀኑ ሲያልፍ ጽሑፉ ይታረማል። ቀብድ የከፈለ ሰው ደግሞ ክሩ ነገ እጥፍ ቢሆንም በተነገረው ዋጋ ይወስዳል። ደንበኛ በዋጋ መጨመር አይቀየምም፤ የሚቀየመው ምክንያቱን ሲያጣ ነው።

«ጎረቤት አይቶ ዝቅ አድርጎ ይሸጥብናል» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ጎረቤታችን ዋጋችንን ድሮም ያውቀዋል፤ ክር የምንገዛው ከአንድ ሰፈር ነው፤ ሸማኔው የሸማኔውን፣ ሰፊው የሰፊውን ዋጋ ያውቃል። ዋጋውን የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። «ሐበሻ ሳይከራከር አይገዛም» ይሉኛል ደግሞ። ይከራከር! ሱቅ መጥቶ ጨርቁን ዳስሶ፣ ጥለቱን አገላብጦ የሚከራከር ሰው ደስ ይለኛል። ዋጋ ስለተጻፈ ክርክር አይቀርም። በስልክ ለሚገዛ ሰው እኔ ከዋጋው አልቀንስም፤ ምርቃት እጨምራለሁ። ለቆየ ደንበኛ መቀነት፣ ለልጁ ሻሽ። ምርቃት በፍቅር የሚሰጥ ስለሆነ ማንም «ለእሷ ለምን?» አይልም።

ዋጋ መጻፍ ማለት ግን ቁጥር ብቻ ወርውሮ መሄድ አይደለም። «ከዚህ ያህል ብር ጀምሮ» የሚለው አጻጻፍ ከመደበቅ አይሻልም፤ ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ «ጀምሮ» በተባለው ዋጋ ተሸጦ አያውቅም። ዋጋው ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት፦ ጨርቁ ፈትል ነው፣ መነን ነው ወይስ ሳባ? ጥለቱ ስንት ጣት ነው? ጥለት ነው ወይስ ጥልፍ? የስፌቱ ስንት ነው? ይህ ሲዘረዘር ገዢዋ አቅሟ ካልፈቀደ ጥለቱን ታሳጥራለች፤ ፈትሉን በመነን ትለውጣለች። ከቀሚሱ ፊት ጋር ጀርባውንም አሳዩ። በማሽን የታተመ ጨርቅ ፊቱ ጥለት ይመስላል፤ ሲገለበጥ ግን ቀለሙ ደብዝዞ ይታያል፤ ክር የለውም። በእጅ የተሠራ ጥለት ጀርባው ላይ የሸማኔው ክር ሲሄድና ሲመለስ ይታያል። የእኛን ፎቶ ወስደው በርካሽ የሚለጥፉ ሰዎች ጀርባውን ማሳየት አይችሉም። የታተመውን መግዛት የሚፈልግ ይግዛ፤ ግን ምን እንደገዛ ይወቅ።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ በአገር ውስጥ ሲገደቡ ገደቡ አምስት ወር ያህል ቆየ። ብዙ ሱቆች በዚያን ጊዜ ደንበኛ አጡ። የእኛን ዋጋ አንብበው የነበሩ ሰዎች ግን ይደውሉ ነበር፦ «ያ የመነኑ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ በዚያው ዋጋ ነው?» እያሉ። የቆዩት ደንበኞቻችን ልክ ደብተር ላይ ስለተመዘገበ ሥራው አልቆመም። ገዢው ስለ ዕቃችን የሚያውቀው ነገር በጭንቅላቱ ውስጥ ካለ ማንም አይዘጋበትም። በውስጥ መስመር ብቻ የተነገረ ዋጋ ግን መስመሩ ሲዘጋ አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ጀማሪዎችን ሁሉ ደብተር ያዙ እላለሁ፤ ስም፣ ስልክ፣ ልክ፣ የተስማማችሁበት ዋጋ።

ይህን ያህል የምሟገተው ለገዢ አዝኜ ብቻ አይደለም። አባቴ ሸማኔ ነው፤ ከጨንቻ ወጣት ሆኖ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የሽመና ጉድጓድ ምሶ የተቀመጠ። በአገራችን ሸማኔን መናቅ የቆየ በሽታ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ንቀቱ ግን በስድብ ብቻ አልነበረም፤ በዋጋም ነበር። አባቴ የሠራውን ይዞ ሲሄድ ነጋዴው «ገበያ የለም» ይለው ነበር፤ የተሰጠውን ተቀብሎ ይመለስ ነበር። ያ ጥለት በስንት እንደተሸጠ አያውቅም ነበር፤ ማን እንደለበሰውም አያውቅም ነበር። ዋጋ መጀመሪያ የተደበቀው ከሠሪው ነው።

እናቴ ደግሞ ፈታይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ እንዝርት ስታሾር ድካሟ «የጨርቁ ዋጋ» በሚባለው ውስጥ ተውጦ ቆይቷል፤ በቤታችን ውስጥም ቢሆን ለብቻው የቆጠረው ሰው አልነበረም። ዋጋ ዘርዝሬ መጻፍ ስጀምር የመጀመሪያው መስመር «ፈትል» ሆነ። እሷም በመነጽሯ አንብባ «ይሄ የእኔ ነው?» አለችኝ። አዎ፣ የእሷ ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ያ መስመር ተደምሮ ለእሷ ይሰጣል። አባቴም የለበሱት ሰዎች የሚልኩትን ፎቶ እያየ «ይህን ጥለት አውቀዋለሁ» ይላል፤ በስንት እንደተሸጠም ያውቃል። ማኅበራዊ ሚዲያ ለቤታችን ካመጣው ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሠሪውና ለባሹ አንድ ዋጋ አወቁ።

ስለዚህ ለጠየቀችኝ ልጅና ለመሰሎቿ የምለው ይህ ነው፦ አስተያየት ቢቀንስም ጻፉ። የሚቀንሰው ደጅ የሚጠናው ሰው ነው፤ ገዢው ይመጣል። እናንተም ገዢዎች፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ፎቶ ስር «ስንት ነው?» አትበሉ። «ዋጋውን እዚሁ ጻፉልን» በሉ። ሁላችሁም እንዲህ ካላችሁ ሻጩ ይጽፋል።