የክሳት ቃላት፦ ከቬትናምኛ ወደ አማርኛ

የሩቅ ምሥራቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል አልፎ ነው። በዚህ መንገድ ከሚጠፋው ሁሉ እኔን የሚቆጨኝ የክሳት ቃላት ጉዳይ ነው፤ ቬትናምኛ በዚህ ረገድ እጅግ ጠንቃቃ ቋንቋ ነውና።

በሃኖይ አካባቢ ከሲታ ሰው «ገይ» ይባላል። ደቡቦቹ ለዚሁ «ኦም» ይላሉ፤ ሰሜኖቹ ዘንድ ግን «ኦም» ታማሚ ማለት ነው። የሳይጎን እናት «ልጄ ከሳብኝ» ስትል የሃኖይ ጎረቤቷ «ታመመብኝ» እንዳለች አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። «ኮይ ኮክ» ሳያድግ ለቀረ ሕፃን ወይም ቡቃያ ይነገራል፤ የእኛው «ቀጫጫ» ሳይጎድል ይተካዋል። «ካንግ ኪው» የእጅና የእግር ነው፣ ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍም ይገለጽበታል። «ሆክ ሃክ» ደግሞ በተለይ ለሞገገ ፊት ነው። «ዛ ቦክ ሱዎንግ»፣ ማለትም ቆዳ የጠቀለለው አጥንት፣ ለእኛ መዝገበ ቃላት አያሻውም። ውበትን የሚያወድስም አለ፤ «ሚኝ ሃክ ሱዎንግ ማይ» ይላሉ፣ የሽመላ ገላ፣ የማይ አበባ ዛፍ አጥንት። «ሸንቃጣ» ይቀርበዋል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሸንቃጣ ውስጥ ጤናና ቅልጥፍና እንጂ እንዳይሰበር የሚያሰጋ ልስላሴ የለም።

ነገሩ ከቃላት ጨዋታ የሚያልፈው ኪም ላን ዘንድ ስንደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመ መድበሉ ውስጥ ያለው «የተለቀመች ሚስት» የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ መቼቱ የ1945ቱ የሰሜን ቬትናም ረሃብ ነው። ጃፓኖችና ፈረንሳዮች ሩዙን ሰብስበው ወስደውት፣ የባቡር ሐዲዱም በቦምብ ተመትቶ፣ የሟቾቹ ቁጥር ከ400,000 እስከ 2 ሚሊዮን ይገመታል። በታሪኩ ጋሪ ገፊው ትራንግ ቀደም ሲል ያያትን ሴት እንደገና ሲያገኛት መለየት ያቅተዋል። ደራሲው «ገይ ሶፕ» ብሏታል። «ሶፕ» እብጠት ሲሟሽሽ፣ የተነፋ ነገር አየሩ ወጥቶ ሲጨማደድ የሚነገር ቃል ነው። እንግዲህ ይህን «ከሲታ ነበረች» ብሎ የሚተረጉም ሰው ታሪኩን ገደለው ማለት ነው። ከሲታ ሁሌም ከሲታ ሊሆን ይችላል፤ ይህች ሴት ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ አልቃለች። «ሟሽሻለች» መባል አለበት። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ አማርኛ ይህን ግሥ ከማንም መበደር አያስፈልገውም። የውጭው ዓለም በፎቶግራፍ ያወቀን «ከሲታ» ሆነን ነው፤ ከዚያ በፊት ምን እንመስል እንደነበር ፎቶግራፉ አይናገርም።

አንዱ ግን እስካሁን አስቸግሮኛል። በበጋ ዛፍ ላይ የሚጮኸው ሲካዳ የተባለ ነፍሳት አውልቆ ጥሎት የሚሄደው ባዶ ቅርፊት «ሳክ ቬ» ይባላል፤ እጅግ የከሳ ሰውም በእርሱ ይመሰላል። «ሳክ» ቅርፊት ነው፤ «ሳክ» ሬሳም ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሸከም የአማርኛ ቃል አላገኘሁለትም።