በ30 ዶላር የተገዛ ንጽሕና

ባለፈው ዓመት የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ስብሰባ አንድ ውሳኔ አሳለፈ፦ ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ «ባክግራውንድ ቼክ» ይደረግበት፣ አንዳች ክስ የተገኘበት ይሰናበት። ለልጆቻችን ደኅንነት ነው ተባለ። እጅ አውጡ ሲባል እኔም አወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የ22 ዓመት ወጣት ቀረ። በ17 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ሱቅ ውስጥ በስርቆት ተይዞ ነበር። የምንኖርበት ቴክሳስ ደግሞ ሲጋራ እንኳ እንዲገዛ የማይፈቅድለትን የ17 ዓመት ልጅ ወንጀል ላይ ሲደርስ እንደ አዋቂ ይቆጥረዋል። ዳኛው በገደብ ለቀቀው፤ ገደቡን በሰላም ሲጨርስም ፋይሉ ለሕዝብ እንዳይገለጥ አዘዘለት። እኛ በ30 ዶላር የገዛነው ሪፖርት ግን ገለጠው።

እንዴት? መሐንዲስ ነኝና ይህ አያስደንቀኝም። ሪፖርት ሻጮቹ የፍርድ ቤቶችን መዝገብ በጅምላ እየገዙ በራሳቸው ኮምፒውተር ያስቀምጣሉ። ዳኛው የሚዘጋው ዋናውን ፋይል ነው። ቅጂው ካልታደሰ የትላንቱን እውነት ዛሬም ይናገራል።

የስማችን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንል ሰዎች እዚህ የአባታችን ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖልናል፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱን «ተስፋዬ» በአራት ዓይነት እንጽፈዋለን። በስደት ከመጡት ወገኖቻችን ስንቱ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቶለታል! በስምና በልደት ቀን ብቻ የሚያመሳስል ፕሮግራም ሁለት ተስፋዬዎችን አንድ ሰው ቢያደርጋቸው ምን ይገርማል? የጣት አሻራ ቢያንስ ሰውን ከሰው ይለያል። እኛ የገዛነው የስም ፍለጋ ነው።

በሌላ በኩል፣ ሪከርድ በእኛ ልጆች ላይ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የዴቫ ፔጀር ጥናት ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ተመሳሳይ የትምህርትና የሥራ ልምድ ያላቸው መስለው የቀረቡ ወጣቶችን ሥራ ፍለጋ አሰማራ። ሪከርድ አለኝ ያሉት ነጮች ካመለከቱባቸው ቦታዎች 17 በመቶው መልሰው ጠሯቸው። ምንም ሪከርድ የሌላቸውን ጥቁሮች የጠሩት ግን 14 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሪከርድ አለኝ ያሉትን ጥቁሮች ደግሞ 5 በመቶ። ኢሚግሬሽንም አለ። ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በገደብ የተለቀቀ ሰው፣ የክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት አልፈረድኩበትም ቢልም፣ ለኢሚግሬሽን እንደ ተፈረደበት ይቆጠራል። «እመን እና ቶሎ ውጣ» ብለው ልጃቸውን የመከሩ ወላጆች ይህን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው።

ታዲያ ልጆቻችንን ማን ይጠብቅ? ባክግራውንድ ቼክ አይደረግ አላልኩም። በልጆች ላይ በደል ፈጽሞ የተፈረደበት ሰው ክፍል መግባት የለበትም፤ ይህ አያከራክርም። ግን ቼኩ የሚያውቀው የተያዘን ሰው ብቻ ነው። ያልተያዘው፣ ከረባት ያሰረው የተከበረ ጎልማሳ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ዛሬም አንድ አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ሁለት አዋቂ በአንድ ክፍል ይሁን፣ በሩም ይከፈት ብሎ በዚያ ስብሰባ የተናገረ አልነበረም። ገንዘብ የማያስወጣው ይሄ ነበር።

የአሜሪካ ሕግ አሠሪው በሪፖርት ተመርኩዞ ሥራ ከመከልከሉ በፊት ቅጂውን ለአመልካቹ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እኛ ለገዛ ልጃችን ይህን ያህል ወግ አላደረግንለትም፤ በስልክ ነው ያሰናበትነው። ስልኩን የደወልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «እሺ ጋሼ፣ ችግር የለም» ነበር ያለኝ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን አጀንዳ አስይዣለሁ። እሱ ይመለስ እንደሆነ ግን ገና አልጠየቅኩትም።