ለጠጅ የሚሆን ማር አመራረጥ

የጠጅ ዋጋ የማሩ ዋጋ ነው። ገሾው፣ ውሃውና ማገዶው ቢደመሩ ለማሩ ከሚወጣው ብር ጋር አይወዳደሩም። ስለዚህ ጠጅ ጣይ የሚያተርፈውም የሚከስረውም ጋኑ ሳይታጠን፣ ገና ማር ተራ ቆሞ ሳለ ነው።

ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ማር ሦስት በሮች አሉት። የጅማ፣ የከፋና የሸካ ማር በሰበታ፣ የወለጋው በቡራዩ፣ የጎጃሙ በሱሉልታ በኩል ይመጣል። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ለጠጅ ጣይ አሁንም ሦስት የተለያዩ ገበያዎች ናቸው፤ መንገዱ ሲለያይ ንቡ የቀሰመው አበባም ይለያያልና።

በሱሉልታ የሚያልፈው የጎጃም ማር በአብዛኛው የመጭና የኑግ ነው። ከመስቀል በኋላ አበባው ሜዳውን ሲያለብሰው ንቡ ይቀስማል፤ ማሩ በኅዳር ይቆረጣል። ቢጫ ነው፣ ቶሎም ይረጋል። በሰበታ የሚገባው የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ማር በየወቅቱ መልኩን ይቀይራል። በበልግ መጨረሻ የጌተም ነጭ ማር ይመጣል፣ በክረምት መግቢያ የብሳና ማር ይከተላል፣ በበጋ ደግሞ ጠቆር ያለውና መረር የሚለው የግራዋ ማር ይቆረጣል። ወሩንና መንገዱን የሚያውቅ ገዢ ክዳኑን ሳይከፍት ማሩን በግማሽ ያውቀዋል።

ጀማሪ ሁሉ ገበያ ሲወጣ የሚጠይቀው ግን «ነጩ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ነጭ ማር ለገበታ የተከበረ ነው፤ በዳቦም በቂጣም ይጣፍጣል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ጋን ውስጥ ሲገባ ግን ያ ስስ መዓዛው በመፍላት ይበናል፤ የተረፈውንም ገሾው ይሸፍነዋል። ለነጭነቱ የተከፈለው ብር ብርሌ ውስጥ አይገኝም። ለጠጅ የሚበጀው ቀዩ ማር ነው፤ የብሳናው፣ የግራዋው፣ ወይም የሁለቱ ድብልቅ። ጠረኑ ከመፍላት ይተርፋል፣ ቀለሙም ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ጠጁን ወርቃማ ያደርገዋል። የግራዋ ማር የራሱ ምሬት ስላለው የገሾው መጠን ቀነስ ይደረግለታል። ይህን ያልተረዳ ጣይ ጠጁ ሲመርበት ማሩን ይወቅሳል።

በየአገሩ መጠጥ የሚመርጡ ሰዎች የሚገጥማቸው ይኸው ለስም ወይም ለመልክ የመክፈል ፈተና ነው። በጣሊያን ፒየሞንቴ ባሮሎ የተባለው ቀይ ወይን ኔቢዮሎ ከሚባል ወይን ይጠመቃል፤ በሕጉ መሠረት ለ38 ወራት፣ ከዚህም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ሳይቆይ አይሸጥም። ስሙም ቆይታውም ዋጋ ላይ ይታሰባል። ቆጥቦ በደንብ መጠጣት የሚፈልግ የአገሩ ሰው ላንጌ ኔቢዮሎ ይገዛል፤ ዘሩ ያው ኔቢዮሎ ነው፣ የሚበቅለውም በእነዚያው ኮረብታዎች አካባቢ ነው። ባሮሎ ደግሞ ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ዓመታት የሚያቆየው አፍን የሚይዘው ምሬቱና ኮምጣጣነቱ እንጂ መልኩ አይደለም። መልክ የዕድሜ ዋስትና አለመሆኑ ለጠጅም ይሠራል።

ገበያ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያስቀረው ሌላው እውቀት ስለ ረጋ ማር ነው። ብዙ ገዢ የረጋ ማር ሲያይ «ስኳር አለበት» ብሎ ይሸሻል። የመጭና የኑግ ማር ግን ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይረጋል፤ ተፈጥሮው ነው። ለጠጅ ደግሞ ውሃ ውስጥ መሟሟቱ አይቀርምና መርጋቱ ምንም አያጎድልበትም። ሻጩ እንዲወሰድለት ዋጋ ቀነስ ካደረገ ጠጅ ጣይ ሊያመልጠው የማይገባ ማር ነው።

የሚያስፈራው የቀጠነ ማር ነው። እንጨት እስከ ጀሪካኑ ሥር ተሰዶ በቀስታ ሲወጣ ማሩ እንደ ክር ሳይቋረጥ ወርዶ በራሱ ላይ መተጣጠፍ አለበት። እንደ ውሃ ከተንጠባጠበ እርጥበቱ በዝቷል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያለፈ ማር ገና ጀሪካን ውስጥ ሳለ መፍላት ይጀምራል። አናቱ ላይ አረፋ ካለ፣ ክዳኑ ሲከፈት «እስ» ካለ፣ የሆምጣጤ ሽታ ብቅ ካለ መግዛት አይገባም። ከላይ ብቻ ጨልፎ መቅመስ አይበቃም፤ ከባዱ ሥር ይዘቅጣል፣ ቀጭኑ ይንሳፈፋል። ከባህላዊ ቀፎ የተቆረጠ ማር ጥቂት የጭስ ጠረን ቢኖረው ነውር የለውም። ሰፈፉም ኪሳራ አይደለም፤ ታጥቦና ቀልጦ ለጧፍ ይሸጣል። ከማሩ ጋር የሞተ ንብና እጭ ከበዛ ግን ለቆሻሻ መክፈል ነው።

ማሩ ከተገዛ በኋላ አበጣበጡን የሚወስነው ጠጁ የሚጠጣበት ጊዜ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ 1.1 ኪሎ ያህሉ ስኳር ነው። አንድ ማር ለአምስት ውሃ ሲበጠበጥ በሊትር 190 ግራም ያህል ስኳር ይኖረዋል፤ በደንብ ከፈላ 11 በመቶ አካባቢ አልኮል ያለው ደረቅ ጠጅ ይወጣዋል። ለሳምንቱ ድግስ ይህ ይበቃል፣ የጎጃሙም የረጋ ማር ለዚህ ይሆናል። አንድ ለሦስት ሲበጠበጥ ግን ስኳሩ በሊትር ወደ 280 ግራም ይደርሳል። እርሾው ይህን ሁሉ መጨረስ ስለማይችል ጠጁ አልኮሉም ጣፋጭነቱም ይበረታል፤ የሚቆየውም እንዲህ ያለው ነው። ለእሱ የሚሆነው ወፍራም ቀይ ማርና ከቅጠሉ ይልቅ የገሾው እንጨት ነው። መፍላቱን ሳይጨርስ ከታሸገ ጠርሙስ ይሰብራል፤ ጨርሶ ክፍት ከተተወ ደግሞ ይሆመጥጣል። ሞቅ ባለ አገር አምስት ቀን የሚበቃው ጥንስስ በሱሉልታ ብርድ ከ15 እስከ 20 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ጣይዋ ልትቸኩል አይገባም። ቀዝቃዛ ቤት በኋላ ለማቆየት ይጠቅማታል።

ጠጅ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ሙያው ግን የሴቶች ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአክስት ወደ እህት ልጅ የተላለፈው ባብዛኛው በምላስና በአፍንጫ ነው። ለሠርግም ሆነ ለማኅበር ተራ ሲደርስ ቤቱ የሚመዘነው በጠጁ ነው፤ ጥሩ ጠጅ የጣለች ሴት ስሟ በሰፈሩ ለዓመታት ይነሳል። ስኳር በጥብጦ ቀለም ጨምሮ «ጠጅ» ብሎ መሸጥ ይህን ክብር መስረቅ ነው፤ ርካሽነቱም ማመካኛ አይሆነውም፣ በትንሽ ብር የሚገኝ እውነተኛ ማር አለና።

ከሦስቱ በሮች አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ለሆነበት፣ በተለይም አቆይቶ ለሚጠጣ፣ የሰበታው ይቅደም። በክረምት መግቢያ የሚመጣውን የብሳና ማር ከነሰፈፉ ይግዛ፤ ነጩን ለቁርሱ ይተወው።