«ሳቢሳ» ለሚለው ቃል ስለሚሰጠው ፍች

በመዝገበ ቃላት ሥራ የአዕዋፍን ስም ያህል በቸልታ የሚታለፍ ቃል ጥቂት ነው። «የወፍ ዓይነት» ወይም «ነጭ የውኃ ወፍ» ከተባለ በኋላ ወደሚቀጥለው ቃል ይኬዳል። «ሳቢሳ» የገጠመው ዕጣ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ሳቢሳ ሽመላ አይደለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሁለቱን ለየብቻ ይጠራቸዋል፤ ሳቢሳ ብዙ ወገን እንዳለውም ያመለክታል። ይህ ሁሉ እያለ «ነጭ ሽመላ» ብሎ መተርጐም ያለውን ሀብት መጣል ነው። ሽመላ ሲበር አንገቱን ይዘረጋል፤ ሳቢሳ ግን ያጥፋል። (ከአገራችን ሽመላዎች አንገቱን አጥፎ የሚበረው አባ ኮዳ ብቻ ነው።)

ነጭነትም ቢሆን ለፍች አይበቃም። በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ነጭ የሚባሉ ቢያንስ 4 ዓይነት ሳቢሳዎች ይታያሉ። ከብት እየተከተለ ፌንጣ የሚለቅመው ሳቢሳ አብዛኛውን ጊዜ በደረቅ ሣር ላይ ስለሚውል «የውኃ ወፍ» መባሉ ራሱ ያጠራጥራል፤ በመራቢያው ወራትም አናቱ፣ ደረቱና ጀርባው ወደ ዳማ የሚያደላ ቢጫ ይሆናል። ትንሹ ሳቢሳ አያስቸግርም፤ ምንቃሩና ቅልጥሙ ጥቁር፣ ጣቶቹ ቢጫ ናቸው።

አስቸጋሪዎቹ ታላቁና መካከለኛው ናቸው። መካከለኛውን «ባለ ቢጫ ምንቃር ሳቢሳ» ማለት፣ የባዕዱን ስም ቃል በቃል ከመከተል የመጣ ስያሜ ነው። ግልጽ ይመስላል፤ እኛም መጀመሪያ ስናየው መስሎን ነበር። ነገር ግን የታላቁም ምንቃር ከመራቢያው ወራት ውጭ ቢጫ ነው፤ የሚጠቁረው በመራቢያው ወራት ነው። የከብቱም ቢጫ ነው። እንግዲህ በሐይቅ ዳር ቆሞ ወፍ የሚቈጥር ሰው በስሙ ብቻ ተማምኖ ቢመዘግብ ሦስቱን አንድ ያደርጋል፤ ስሕተቱም የመዝጋቢው ሳይሆን የስያሜው ይሆናል።

ወራት የማይለውጠው ምልክት የአፉ ስንጥቅ ነው። በታላቁ ከዓይን አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ በመካከለኛው ከዓይን ሥር ያበቃል። መጠን ግን ሁለቱ ጐን ለጐን ካልቆሙ እምብዛም አይረዳም። ቢሆንም «ታላቅ» እና «መካከለኛ» የሚሉት ስሞች ቢያንስ አያሳስቱምና እንዲጸኑ እንደግፋለን፤ መለያው በፍቹ ውስጥ ይግባ። ለአብነት፦

መካከለኛ ሳቢሳ፦ ሲበር አንገቱን የሚያጥፍ፣ ከታላቁ ሳቢሳ የሚያንስ፣ የአፉ ስንጥቅ ከዓይኑ ሥር የማያልፍ ነጭ ወፍ።