አዋጁን እንደ ካታሎግ ማንበብ

የፖስታ ቴምብር ለሚሰበስብ ሰው የስኮት ካታሎግ አለለት፣ የስታንሊ ጊቦንስ አለለት። የቀረጥ ቴምብር ለሚሰበስብ ግን እነዚያ ወፍራም መጻሕፍት ብዙም አይረዱም፤ ሐሳባቸው ደብዳቤ ላይ እንጂ ውል ላይ አይደለም። ነቀምቴ ተቀምጬ ያሰባሰብኳቸውን ወረቀቶች ለመደርደር የያዝኩት መጽሐፍ ስለዚህ ነጋሪት ጋዜጣ ሆነ፤ የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990። ጠበቃና ራፖር ጸሐፊ እንደ ሕግ አንብበውታል። እኔ እንደ ካታሎግ ልገምግመው።

ዋናው ሥራ ያለው ሰንጠረዡ ላይ ነው። አንቀጾቹ ደረቅ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ግን አንድ የወለጋ ከተማ በወረቀት ላይ እንዴት እንደምትኖር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ1990ው ተመን ነጋዴዎች የንግድ ማኅበር ሲመሠርቱ መመሥረቻ ጽሑፋቸው 350 ብር ይከፈልበታል፤ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ 35 ብር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ቤቱን እንዲጠብቅለት ለወንድሙ ውክልና ሲሰጥ እሱም 35 ብር ነው። ተራ ውልና ስምምነት 5 ብር፣ ኪራይ ከመቶ ግማሽ፣ የንብረት ባለቤትነት ማስመዝገቢያ ከመቶ ሁለት። የጊምቢ ቡና አምራቾች ማኅበር ሲያቋቁሙ የሚከፍሉት አንድ ሰው ብቻውን ውክልና ሲሰጥ ከሚከፍለው ጋር እኩል ነው። ሕግ አውጪው ለማን እንደራራ ከማብራሪያ ይልቅ ከዚህ ቁጥር ይነበባል። በዚህ በኩል ሰንጠረዡ ከብዙ ካታሎግ የተሻለ ነው፤ የቴምብሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የተለጠፈበትንም ምክንያት ይነግራል።

ለሰብሳቢ የሚከብደው ስለ አከፋፈል የተጻፈው ክፍል ነው። ቀረጡ ከ50 ብር ካልበለጠ ቴምብር ይለጠፋል፤ ከበለጠ ገንዘቡ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ ይደረጋል። ለገንዘብ ያዥ ምቹ ነው። ለእኛ ግን ትልቁን ጉዳይ ሁሉ ከአልበሙ ያስወጣብናል። ዋጋው ከ2,500 ብር የሚበልጥ ቤት ስም ሲዞር ቴምብር አይኖረውም፤ በዛሬው ነቀምቴ በዚያ ዋጋ የሚገኝ ቤት ካለ ጠቁሙኝ። የንግድ ማኅበሩ 350 ብርም እንዲሁ በደረሰኝ ያልፋል። በቴምብር የሚቀረን የትንሽ ሰው ወረቀት ነው፤ የ5 ብር ውል፣ የ35 ብር ውክልና።

የቅጥር ውል ደግሞ በቴምብርና በደረሰኝ መካከል ነው። ቀረጡ ከደመወዙ ከመቶ አንድ ስለሆነ 500 ብር የሚቀጠር ሰው 5 ብር ይለጥፋል፣ 5,000 ብር የሚቀጠር 50 ብር። ከዚያ በላይ ያለው ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። አዋጁ በወጣበት ዘመን 5,000 ብር ደመወዝ ስንቱ ያገኝ ነበር? ብሩ እየረከሰ ደመወዙ በቁጥር ሲያድግ የቅጥር ውል ቴምብር እየሳሳ ይሄዳል። አርቃቂው 50 የምትለዋን ቁጥር ሲጽፍ የዋጋ ንረት መለኪያ እያበጀ እንደነበር የጠረጠረ አይመስለኝም፤ እኔ ግን ከአዋጁ ሁሉ የምወደው ይህን ጉድለቱን ነው።

ከቀረጥ ቴምብር ጋር በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1894) የወጡትን የመጀመሪያዎቹን የፖስታ ቴምብሮች ማስተያየት ይጠቅማል። ኡጂን ሙሾን የሠራቸው፣ ፓሪስ የታተሙ ሰባት ቴምብሮች ናቸው፤ በአራቱ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ውበታቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይጎበኙ በቀጥታ ሰብሳቢ እጅ ገብተዋል። ኢትዮጵያም የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ቴምብሮቹ ከወጡ ከዓመታት በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም. ነው። የቀረጥ ቴምብር እንዲህ ያለ ቅንጦት የለውም፤ ሥራ ላይ ካልዋለ ማንም አይገዛውም። መልኩ ላይ ማኅተምና ፊርማ ይጋደምበታል፤ ለፖስታ ሰብሳቢው ጉድፍ የሆነው ለእኛ ማስረጃ ነው። በዕድሜም ቢሆን ታናሽ አይደለም፤ እንግሊዝ በሰነድ ላይ የቴምብር ቀረጥ የጣለችው እ.ኤ.አ. በ1694 ሲሆን የመጀመሪያው የፖስታ ቴምብር የወጣው በ1840 ነው።

የዓለም አቀፉ የቴምብር ሰብሳቢዎች ፌዴሬሽን በሚያወዳድራቸው ኤግዚቢሽኖች የቀረጥ ቴምብር የራሱ ምድብ አለው። ከ100 ነጥብ ለዕውቀትና ለምርምር 35 ይሰጣል፤ ለአቀራረብ ማማር 5 ብቻ። አንድ ፍሬም 16 ገጽ ይይዛል። ቴምብሩን ከሰነዱ ልጦ፣ በውኃ ዘፍዝፎ፣ በመስመር ደርድሮ የሚመጣ ሰው 35ቱን ነጥብ ባልዲው ውስጥ ትቶት መጥቷል። አዋጁ እዚህ ላይ ይክሳል፤ ሰነዱ ሙሉ ከሆነ የትኛው የሰንጠረዡ ረድፍ እንደሆነ፣ ሒሳቡ ልክ መሆኑንና አለመሆኑን ተመልካች ራሱ ያሰላል። (የተዋዋዮቹን ስም በወረቀት ሸፍኑ። የጎረቤትን የዕዳ ውል አደባባይ መስቀል ጥናት አይባልም።)

ሰንጠረዡ የማይነግረን ትልቅ ነገር ግን አለ፤ ውሉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ። ለወለጋ ሰብሳቢ ይህ ከቴምብሩ ዋጋ ይበልጣል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ የመሥሪያ ቤትና የፍርድ ቤት ጽሕፈት ሆኗል፤ የቀድሞው የነቀምቴ ውል አማርኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ፍሬም ስለ አገሪቱ ለውጥ ብዙ ገጽ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ካታሎግ ቢሆን ኖሮ በዚህ ክፉኛ እወቅሰው ነበር፤ አዋጅ በመሆኑ ግን ነገሩ ሥራው አይደለም ብዬ አልፋለሁ።

ፍሬሙን እኔ ብደረድረው መጀመሪያ የ5 ብር ውሎችን፣ ቀጥሎ ውክልናዎችን፣ ከዚያ የቅጥር ውሎችን በደመወዛቸው ቅደም ተከተል አደርጋለሁ። በ16ኛው ገጽ የማስቀምጠው ደመወዙ ከ5,000 ብር የዘለለ ውል ከነደረሰኙ ነው። ቴምብር የሌለበት ገጽ በቴምብር ኤግዚቢሽን ምን ይሠራል ብሎ ነጥብ የሚቀንስ ዳኛ አይጠፋም፤ ይቀንስ።