ማን ረሸነ፣ ማን አስረሸነ፦ የደብረ ሊባኖስ እልቂት በአማርኛ ዐረፍተ ነገር

ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. በላጋ ወልዴ ያለቁትን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የሚያነሡ አጫጭር የአማርኛ ትረካዎች በሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይወሰናሉ። አንደኛው «መነኮሳቱ ተረሸኑ» የሚል ነው፤ አድራጊው የለም። ሁለተኛው «ሙስሊም ወታደሮች መነኮሳቱን ረሸኑ» የሚል ነው፤ አድራጊው ተገኝቷል፣ የተገለጸው ግን በሃይማኖቱ ነው። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ሆኖም ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ወጣት ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የሚያተርፈው ቁጣ ከግራዚያኒ ይልቅ በጎረቤቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ከዐረፍተ ነገሩ የጎደለው ትእዛዙ ነው። ያዘዘው ማርሻል ግራዚያኒ፣ ያስፈጸመው ጄኔራል ማሌቲ ነው፤ ግራዚያኒም 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ለሮም አስታውቋል (ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የሟቾቹን ጠቅላላ ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 ይገምታሉ)። ሙስሊም ወታደሮች የተመደቡት ክርስቲያን አስካሪዎች በገዳም ሰዎች ላይ አይተኩሱም ተብሎ ስለተሠጋ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ይኸው ግራዚያኒ በሲሬናይካ የሊቢያን ሙስሊሞች በማጎሪያ ሰፈር መፍጀቱን የሚያስታውስ የአማርኛ ትረካ እምብዛም አይገኝም።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቅርጽ አላጣም። «ግራዚያኒ መነኮሳቱን አስረሸነ» ሲባል «አስ-» የተባለው ምዕላድ ኀላፊነቱን ወደ አዛዡ ይመልሳል። ይሁንና አስደራጊው ግሥ የራሱ ዕዳ አለበት፤ ተኳሹን ይሰውራል። ተኳሹ ይጠቀስ ከተባለም «በወታደሮች አስረሸነ» ይሆናል፤ ይህ «በ-» «በመትረየስ» ከሚለው አይለይም። የተኮሰው ሰው ከያዘው መሣሪያ ጋር እኩል ይቆምና ተጠያቂነቱ ይቀልለታል። ለሟቾቹ ይህም ፍትሕ አይደለም።

የተሻለው መንገድ ለየግሡ የየራሱን ባለቤት መስጠት ነው፦ ግራዚያኒ አዘዘ፣ ማሌቲ አስፈጸመ፣ የቅኝ ግዛቱ ወታደሮች ተኮሱ። «ሙስሊም» የሚለውን ቃል ፈጽሞ መሰረዝ ግን አይገባም፤ ከተሰረዘ አንዱን ሕዝብ በሌላው ላይ የማዝመቱ ስልት አብሮ ይጠፋል። የሚለወጠው የቃሉ ሥፍራ ነው። ከ«ረሸኑ» ባለቤትነት ወጥቶ የ«መርጦ» ተሳቢ ይሁን፦ «አዛዡ ሙስሊም ወታደሮችን ሆን ብሎ መርጦ እንዲተኩሱ አዘዘ፤ እነርሱም ተኮሱ።»