«ወሰደ» ምን ምን ወሰደ?
በእንግሊዝኛው «ቴክ» ጥላ ሥር ስለ ወደቀ አንድ የአማርኛ ግሥ

የእንግሊዝኛው «ቴክ» የማይገባበት ቤት የለም። መድኃኒት፣ ፈተና፣ ፎቶግራፍ፣ አውቶቡስ፣ ጊዜ፣ ምክር፣ ዕረፍት ሁሉም በእርሱ ይነገራል። አማርኛ ይህን ሥራ ለብዙ ግሦች አከፋፍሎ ነበር የኖረው። መድኃኒት ይዋጣል ወይም ይጠጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አውቶቡስ ይያዛል፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ምክር ይሰማል፤ ዕረፍትማ ረዳት ግሥ አያሻውም፣ ሰው ያርፋል። አሁን ግን የተማሪዎችን ድርሰት ሳርም፣ ዜናም ስሰማ፣ እነዚህ ሁሉ ወደ «ወሰደ» ሲጎርፉ አያለሁ፦ ፈተና ወሰደ፣ ዕረፍት ወሰደ፣ መድኃኒት ወሰደ፣ ጊዜ ወሰደ፣ እርምጃ ወሰደ።

እዚህ ሐዋሳ ይህ ጉዳይ ሲነሣ፣ ጥፋቱ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚናገረው ተማሪ ይሰጣል። አፉን በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ የፈታው ተማሪ ያበላሸው ይመስል። ይህን አልቀበልም። ከጎጃምና ከጎንደር የመጣውም ተማሪ የሚጽፈው «ፈተና ወሰድኩ» ብሎ ነው። የሁለቱ የጋራ ምንጭ በእንግሊዝኛ የሚማሩበት ክፍል ነው።

ነገሩን ለመመርመር በመጀመሪያ «ወሰደ» በራሱ ቤት ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል። ግሡ መንገድ አለው። የተወሰደ ነገር ከዚህ ተነሥቶ ወዲያ ይሄዳል፤ ተቃራኒውም «አመጣ» ነው። እናት ልጇን ትምህርት ቤት ትወስዳለች፤ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ውሃ ይወስድበታል። ከዚህ አልፎ ሰው ራሱ ተወሳጅ የሚሆንበት ሌላ ፍቺ አለ፦ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሐሳብ ወሰደኝ፣ ጎርፍ ወሰደው፣ ሞት ወሰደው። በእነዚህ ውስጥ ወሳጁ ከሰው የበረታ ኃይል ነው። በአዲሱ አነጋገር ግን ሰው ሁልጊዜ ባለቤት፣ ሁልጊዜ ወሳጅ ነው፤ መንገዱም ጠፍቷል። ፈተናን የወሰደ ተማሪ ወዴት ወሰደው?

«ተፈተነ» ስንል ተማሪው ተደራጊ ነው፤ የሚፈትነው ሌላ አለ። «ፈተና ወሰደ» ይህን ዝምድና ይገለብጠዋል። ቋንቋው ግን ሙሉ በሙሉ እጅ አልሰጠም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ዜናው «ፈተና የሚወስዱ» ቢልም የሰዎቹ ስም «ተፈታኞች» ነው። «ፈተና ወሳጅ» የሚል ማስታወቂያ አላየሁም። ግሡ በትርጉም ገባ፤ ስም ለማፍራት ግን ሥር አልሰደደም። አንድ የተተረጎመ አነጋገር መቀመጫ ማግኘቱን የምንፈትንበት ይህ አንዱ መንገድ ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ከዚህ ይከፋል። በአንድ ጤና ተቋም ነርሷ አንዲትን እናት «መድኃኒቱን ወስደዋል?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። «አዎን ልጄ፣ ወስጃለሁ፤ ቤት አስቀምጬዋለሁ» አሉ። እናቲቱ ፍጹም ትክክል ነበሩ። ከመድኃኒት ቤቱ ወስደዋል፣ ወደ ቤታቸውም አድርሰዋል። ነርሷ «ውጠዋል?» ብትል ኖሮ ነገሩ በአንድ ቃል ባለቀ።

ከሁሉ የከበደው ግን «እርምጃ ወሰደ» ነው። እርምጃ በአማርኛ ይራመዱታል እንጂ አይወስዱትም፤ አነጋገሩ የእንግሊዝኛውን ፈለግ የተከተለ ይመስለኛል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ማለት ተገደለ ማለት ነበር፤ «ነጻ እርምጃ» ደግሞ ያለ ፍርድ የመግደል ፈቃድ። ሰዋስዉን ልብ ይሏል። «ገደሉት» ሲባል ገዳዮች አሉ፣ ሟችም አለ። «ተገደለ» ሲባል ገዳዩ ቢሰወርም ሟቹ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ይቀራል። «እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል ግን ባለቤቱ እርምጃው ነው፤ የሞተው ሰው «‑በት» በምትለው ቅጥያ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ገዳይ የለም፣ መግደልም የለም፤ የሆነ ነገር ከሆነ ቦታ ተወሰደ። ሐረጉን የፈጠረው እንግሊዝኛ ነው ብዬ ወንጀሉን በባዕድ ቋንቋ አላሳብብም። መንገዱንና ባለቤቱን ያጣ ግሥ ግን ለመደበቂያ የተመቸ ነው። ዛሬም በቢሮ ደብዳቤ «አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል» የሚለውን ሳነብ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ።

ይህን ስል ቋንቋ አይለወጥ ማለቴ አይደለም። «ቴክ» ራሱ መጤ ነው። ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ፣ ከ«ታካ» ገብቶ «ኒማን» የተባለውን ነባር የእንግሊዝኛ ግሥ አፈናቀለ። ከኒማን የቀረው ፍርስራሽ «ነም» ነው፤ ደነዘዘ ማለት፣ በመጀመሪያ ፍቺው ግን የተወሰደ። እኛም ተመሳሳይ ታሪክ አለን። በግእዝ «ነሥአ» ወሰደ፣ ተቀበለ፣ አነሣ ነው። በአማርኛ «ነሣ» ከዕለት ንግግር ቢሸሽም፣ ድል ነሣ፣ እጅ ነሣ በሚሉት ውስጥ ተቀምጧል። «እንቅልፍ ወሰደኝ» እና «እንቅልፍ ነሣኝ» የሚሉትን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ደግሞ ሁለት የመውሰድ ግሦች እንዴት ተቃራኒ ሌሊት እንደሚሰጡ ይታየዋል። ፎቶግራፍ «አነሣ» ስንልም ያው የነሥአ ዘር ነው፤ በእኔ ግምት ለ«ቴክ» ከተሰጡት አቻዎች ሁሉ የተዋጣለት እርሱ ነው።

ስለዚህ «ጊዜ ወሰደ»ን እንደ «መድኃኒት ወሰደ» አልነቅፈውም። «ፈጀ» ቁጭት አለበት፤ ነገር ጨርሶ ማለቁን ያሰማል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለሚለካ መሐንዲስ ቁጭት የሌለበት ቃል ያስፈልገው ይሆናል። ለመንገደኛው ግን «ይህን ያህል ሰዓት ያስኬዳል» የሚለው አለ፤ እግርም መንገድም ያለበት አነጋገር ስለሆነ ልብ ወለድ የሚጽፍ ተማሪ ቢመርጠው ደስ ይለኛል። «ኮርስ ወሰደ»ም ይቆይ። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ለየደረጃው ግሥ ነበረው፦ ፊደል ይቆጠራል፣ ዳዊት ይደገማል፣ ቅኔ ይዘረፋል። ኮርስ እንግዳ ነገር ነውና ከእንግዳ ግሡ ጋር ቢመጣ አይገርምም።

የመዝገበ ቃላት ሥራም ያስተምረናል። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት ቃሉን ብቻውን አያቆመውም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የዓረፍተ ነገሩን አማርኛ ይሰጣል። እንዲህ ያለው አሠራር «ቴክ» ማለት «ወሰደ» ማለት ነው ብሎ የሚዘጋ በር አይተውም። በትርጉም ክፍላችን የቃል ዝርዝር ከማስጠናት ይልቅ ይህን ማስለመድ ይሻላል እላለሁ።

መንገድ ላይ ያለው አማርኛ እስካሁን ጠንካራ ነው። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ለሚሄድ እንግዳ «ባጃጅ ያዝ» ይሉታል። «ባጃጅ ውሰድ» ያለ አልሰማሁም፤ ቢባልም ባለባጃጁ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል።